ይድረስ ለእታለሜ

ደምበጫ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፤

እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ብርዱ ሲጠና ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላው አካላቴ ይታዘዘኛል። ክረምቱም ወጣልን። ጤፉ አዘርዝሯል፣ በቆሎው መድረቅ ጀምሯል፣ ተምጫም ከጮቄ ይዞት የሚወርደው ደለል ቀንሶ ውሃው እየጠራ ነው። ዛሬ ሚካኤል ነውና ተሳልሜ ተመለስሁ። ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «እትዬ፣ ስልሳ ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም፤ ልጆቹም በየቤታቸው ገብተዋል። ሰው እርጅና ብቻህን ና ይላል፤ የእኔ ግን ሕመሙንም ብቸኝነቱንም አስከትሎ መጣ» አልሽኝ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ተጣድፎ አይነገርምና በደብዳቤ ይሁን አልሁ። ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሰፈራችን ልጅ አለ፤ ደብዳቤውንና ትንሽ በርበሬ በእጁ ልኬልሻለሁ። በርበሬውን ራሴ ቀንጥሼ፣ ራሴ ደልዤ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ ያስፈጨሁት ነው።

እታለሜ፣ አንቺ ዛሬ የገባሽበትን ዕድሜ እኔ ቀድሜሽ ገብቼበታለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። በእኛ ዕድሜ ደስታ የሚገኘው ከዕለት ሥራ ውስጥ ነው፤ ያውም ሰው ከሚፈልገው ሥራ ውስጥ። ቡና ማፍላት ሥራ ነው፤ ሕፃን ፊደል ማስቆጠር ሥራ ነው፤ መመረቅም ሥራ ነው። ቢሮ ይዘጋል፣ ደመወዝ ይቀራል፣ ሥራ ግን አያልቅም። እጃችን ለሰው የሚሆን ነገር እስከያዘ ድረስ ልባችን ደስ የሚለው ነገር አያጣም። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብዬ አይምሰልሽ፤ ኖሬበት ያየሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዓይኔ ላጫውትሽ። በስልክ «ታክሜ ዳንሁ» ብቻ ብዬሽ ነበር። ከመታከሜ በፊት ዓለሙ ሁሉ ጭስ የለበሰ ይመስለኝ ነበር። ምስር ስለቅም ጠጠሩን ከምስሩ መለየት እያቃተኝ መጣ፤ ማታ መብራቱ ይበተንብኛል፤ ዳዊቴም ይደበዝዝብኛል። ደብረ ማርቆስ ሄጄ ስታይ የዓይን ሞራ ነው አሉኝ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበርና በደንብ አስረዳኝ። ከብሌናችን ጀርባ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይደፈርሳል፤ ጠብታም ኪኒንም አያጠራውም፤ ያለው መፍትሔ የደፈረሰውን አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው የጠፋው በዚሁ በሞራ ነበር። ሊመለስ የሚችል ብርሃን እያላቸው በጨለማ የተቀመጡ ስንት እናቶችና አባቶች አሉ! ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። ስለዚህ የሰፈራችንን ሰው ሁሉ «ዓይናችሁን ታዩ» እያልሁ እነግራለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ዓይኔ ብቻ ደንዝዞ፣ እኔ ነቅቼ እየሰማሁ ነው የተሠራው፤ ብዙም አልቆየ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን እጅ ነው። አውራ ጣቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ሳይቀር አየሁ። እጇን ይዤ ሳምሁት።

ቤቴ እንደገባሁ ሳጥኑን ከፈትሁና የእናታችንን ጥልፍ ቀሚስ አወጣሁ። ታስታውሺዋለሽ፤ ደረቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት፣ እጅጌው ዙሪያ ቀጭን ሐረግ ያለው። ያ ሐረግ ግራጫ ሆኖ ስለሚታየኝ ክሩ ከጊዜ ብዛት ለቀቀ እያልሁ አዝን ነበር። ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ሳየው ሰማያዊ ነው፤ እናታችን መርፌ ይዛ በጠለፈችው ጊዜ የነበረው ሰማያዊ፣ ምንም ሳይጎድልበት። የደፈረሰ ሌንስ ሰማያዊን ቀለም እንደሚያደበዝዝ ኋላ ለምርመራ ስመለስ ሐኪሙ ነገረኝ። ቀሚሱን ታቅፌ በረንዳው ላይ አለቀስሁ። የደስታ ልቅሶ ነበር። እናታችን ያንን ክር ስትመርጥ ምን አስባ ይሆን? ከየት ገበያ ገዛችው? በፋኖስ ነው ወይስ በቀን ብርሃን የጠለፈችው? ይህን ሁሉ ጥያቄ አንድ ሰማያዊ ክር አስነሣብኝ።

ከዚያ ወዲህ እንጀራ ስጋግር ዓይኑን አያለሁ። ሊጡ ምጣዱ ላይ ተዘርግቶ ዓይን ማውጣት ሲጀምር፣ አክንባሎውን ከመድፋቴ በፊት ያለችውን አፍታ ቆሜ እመለከታታለሁ። በወጣትነታችን ስንት እንጀራ ጋግረን ይሆን? ያን ጊዜ ልጅ ያለቅሳል፣ ደወል ሊደወል ነው፣ ባል ምሳ ይጠብቃል፤ ስንሮጥ ዓይኑን የምናይበት ጊዜ የት ነበረን? ዛሬ የሚያስሮጠኝ የለም። ስለዚህ አያለሁ። አንቺም «ጽሑፍ ይደባለቅብኛል» ብለሽኛልና አደራሽን፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ታዪ። አዲስ አበባ ሆነሽ ሐኪሙ ቅርብሽ ነው።

ሌላው ስሞታሽ እንቅልፍ ነው። የእኔም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሸሻል። ዓይኔን ጨፍኜ ከመገላበጥ ተነሥቼ ትራሴን ተደግፌ እቀመጣለሁ፣ ጋቢዬንም እደርባለሁ። አሁን ወቅቱ የጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ፤ ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው እስከ አልጋዬ ይደርሳል። መጀመሪያ በመቋሚያ ብቻ ቀስ ብሎ ይዘመማል፤ ቆይቶ ከበሮና ጸናጽል ይገባል፤ ሊነጋጋ ሲል ወረቡ ይደምቃል። አገራችን ጎጃም ዋሸራን፣ ዲማንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ያሉበት አገር ነውና ሌሊቱ ያለ ቅኔ አይነጋም። ቅኔው ሲዘረፍ ሰሙን ይዤ ወርቁን እፈልጋለሁ፤ አንዳንዴ አገኘዋለሁ፣ አንዳንዴ ጠዋት መሪጌታውን ጠይቄ እረዳዋለሁ። በጉልበቴ ሳለሁ ቆሜ አድር የነበረውን ማኅሌት ዛሬ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ፤ ዜማው ግን ያኔ ይገባኝ ከነበረው ይልቅ ዛሬ ይገባኛል።

ማኅሌት በሌለበት ሌሊት ዳዊቴን እደግማለሁ። የሰኞው ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ስለሆነ ረዘም ይላል። ሥራ ላይ ሳለሁ እየቆራረጥሁ የምደግመውን ዛሬ ሳልቸኩል እስከ ዳር አደርሰዋለሁ። ስደግም የሰው ስም ይመጣብኛል፤ በአንዱ መዝሙር አንቺን፣ በአንዱ ልጆቼን፣ በአንዱ የሞቱብንን አስባለሁ። እንዲህ እያልሁ ጎህ ይቀድልኛል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት አውቶቡሶች ጥሩምባም ከአስፋልቱ ይሰማል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አንቺ ያለሽበት ከተማ ማታ እንደሚደርስ ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሲነጋ ደግሞ ፀሐይ ነው። የጥቅምትን ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ጤዛው ሳይደርቅ በርጩማዬን ከቤቱ ምሥራቅ በኩል አውጥቼ ፀሐዩን እሞቃለሁ፤ ከጉልበቴ ላይ ብርዱ ቀስ እያለ ሲለቅ ይሰማኛል። የሰፈራችን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ በየደጃችን እንወጣለን። «እንዴት አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደራችሁ?» ስንባባል ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ እናውቃለን። የቀረ ካለ ወዲያው ልጅ ይላካል። አንዲት ጎረቤታችን ትኩሳት ይዟት ከአልጋ መነሣት ባቃታት ጊዜ የተደረሰላት ፀሐይ ልትሞቅ ስላልወጣች ነው። ጠዋት ከደጅ መውጣት ራሱ ለሰው የሚሆን ሥራ መሆኑን ያን ዕለት አየሁ።

ከፀሐዩ በኋላ ቡና ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር በተራ እናፈላለን፤ ተራው የእኔ ሲሆን ከማታው ጀምሬ አስበዋለሁ። ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ እጣን አጭሼ፣ ቆሎ ቆልቼ እጠብቃቸዋለሁ። አንዷ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ አንዷ ባሏ የሞተባት ገበሬ፣ ከልጇ ጋር ከተማ የገባች፤ አንዷ ገና የወለደች ልጅ እግር። ዕድሜያችንም ኑሯችንም ይለያያል። ልነግርሽ የምፈልገው ስለ ሦስተኛው ስኒ ነው። አቦሉ በወሬ ያልቃል፤ የእህል ዋጋ፣ የልጆች ነገር፣ የመንገድ ነገር ይነሣል። ቶናው ላይ ሰው የልቡን ያወጣል፤ ለባሏ ያልነገረችውን የምትነግረን አለች። በረካው ላይ ቡናው ቀጥኗል፣ ወሬውም አልቋል፤ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን። አስተማሪ ሳለሁ ከአቦል ተነሥቼ ወደ ክፍል እሮጥ ስለነበር በረካን አላውቀውም ነበር። አሁን ዋናው ቡናዬ በረካ ነው። ከሰው ጋር ሳይጨነቁ ዝም ማለት እንዴት ያለ ዕረፍት መሰለሽ!

የዓለም ጤና ድርጅት ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት ይጎዳል፤ ብቸኝነትም በየዓመቱ ወደ 871 ሺህ ከሚጠጋ ሞት ጋር ይያያዛል ብሏል። ይህን በራዲዮ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት አንቺን ነው። እድሩም ሰንበቴውም ማኅበሩም ቡናውም አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰው ብቻውን እንዳይቀር ያቆሙልን ናቸው። ግን በራሳቸው አይቆሙም፤ ሰው ይፈልጋሉ። በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ በየቀኑ የምታገኚያትን ሴት ስሟን እንኳ እንደማታውቂ ነግረሽኛል። እሷም በሯን ዘግታ እንዳንቺው ተቀምጣ ይሆናል። አንድ ጠዋት ጀበናሽን ጥደሽ በሯን አንኳኪ። ሌላ ምክንያት አትፈልጊ፤ «ቡና አፍልቼ ነበር» ማለት በአገራችን በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ልጆቹም ልንገርሽ። በአካባቢያችን በገጠመን ችግር የተነሣ ትምህርት ተስተጓጉሎ ልጆች በየደጁ የዋሉበት ጊዜ እንደነበር ታውቂያለሽ። መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ልጆቹን ሳያቸው አላስችለኝ አለ። ከገበያ የፊደል ገበታ ገዝቼ በረንዳዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። መጀመሪያ የጎረቤቴ ልጆች መጡ፤ ከዚያ የእነሱ ጓደኞች፤ ከዚያ እናቶቻቸው እጃቸውን ይዘው ያመጧቸው። አሁን ትምህርት ቤት የሚሄዱትም ቢሆኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

ከእነሱ መካከል እናቷ ጠላ ሸጣ የምታሳድጋት አንዲት ልጅ አለች። ሀ ሁን እስከ ፐ በቃሏ ትወርደዋለች፤ ከመሐል መርጬ ሳሳያት ግን ይጠፋታል። እኔም አልተቻኮልሁም፤ ጊዜ አለኝና በእንጨት ጫፍ እያሳየሁ፣ ተመልሼ እያሳየሁ ቆየሁ። አንድ ቀን ወደ ገበያ አብረን ስንሄድ አስፋልቱ ዳር ካለው የከተማዋ ሰሌዳ ፊት ቆመች። ጣቷን ዘርግታ «ደ... ም... በ... ጫ» አለች። ቀጥላ አንድ ላይ ደገመችው። ከዚያ ዞር ብላ ዓይኗን አፍጥጣ «እማማ! እኛን ጽፈውናል!» አለችኝ። በየቀኑ በአፏ የምትጠራው ስም ሰሌዳ ላይ ቆሞ ስታገኘው ያ ሁሉ ከተማ፣ እናቷም እሷም ጭምር የተጻፉ መሰላት። እኔም ልቤ ሞላ። ክፍሌ በተማሪ ተጨናንቆ ሳስተምር በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለች አፍታ በፊቴ አልፋ ይሆናል፤ የአንዷን ልጅ ፊት ቆሜ የማይበት ጊዜ ግን አልነበረም። ዛሬ ደመወዝ የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ሪፖርትም የለውም፤ የልጅቷን ፊት ግን አየሁት።

ባለፈው መስከረም 21 ቀን፣ በግሸን ማርያም ዕለት፣ ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ነው ሲባል በራዲዮ ሰምተሽ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. የወሰነው ዕለት ነው። «አረጋውያንን እንጡር፣ እንንከባከብ» ተባለ። መልካም ቃል ነውና አሜን ብያለሁ። እኔ ግን አንድ ቃል ልጨምርበት እወዳለሁ፦ አረጋዊን ጡሩት፣ ሥራም ጠይቁት። አንዲት አሮጊት «እስቲ ይህን ልጅ ያዢልኝ»፣ «እስቲ ይህን ወጥ ቅመሽልኝ»፣ «ይህን ነገር እንዴት አድርጌ ልጨርሰው?» ስትባል ወገቧ ይቀናል። የአንቺም ልጆች ሊያሳርፉሽ ብለው ሁሉንም ከእጅሽ ከወሰዱብሽ ጥሪያቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ለእኔ ተዉልኝ፤ ዶሮውንም እኔ ነኝ የምሠራው» በያቸው። የሽንኩርቱን መጠን፣ የቂቤውን አነጣጠር ካንቺ ሌላ ማን ያሳያቸዋል?

ጡረታ ለመቀበል ባንክ የምሄድበትም ቀን ለእኔ በዓል ነው። ሰልፉ ላይ የድሮ ባልደረቦቼን፣ ፖስታ ቤት የሠሩትን፣ ጤና ጣቢያ ያገለገሉትን፣ ሁሉንም አገኛለሁ። ብሩ ለእህልና ለመድኃኒት ይሄዳል፤ ጨዋታው ግን ወሩን ሙሉ ይቆያል። ስመለስ በገበያ በኩል አልፋለሁ። ሰሞኑን ከደጋ የመጣ የባቄላ እሸት ገብቷል። አንድ እቅፍ ገዝቼ ለልጆቹ ሳካፍል፣ እየፈለፈሉ ሲበሉ አፋቸው አረንጓዴ ይሆናል። እኔም አብሬያቸው እፈለፍላለሁ፤ ለጥርሴ እንዲመች ጥሬውን ትቼ ጠበስ አድርጌ እበላለሁ።

«ከእንግዲህ ምን እጀምራለሁ?» ብለሽኝ ነበር። አገራችን ያፈራቸውን ሐዲስ ዓለማየሁን አስቢ። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው፣ አርበኝነቱንም ግዞቱንም ሹመቱንም አይተው፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ሃምሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የእልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ወጡ። የመጨረሻው ሲታተም ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎረቤቴ ልጅ ስልኩ ላይ አግኝቶልኝ ማታ ማታ አዳምጣለሁ። የመጽሐፉ ሰው የበዛብህ አገር ማንኩሳ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ማዶ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ስሙ ሲነሣ የጎረቤት ሰው የተጠራ ያህል ቀና እላለሁ። አንቺም የእናታችንን ነገር የመጻፍ ምኞት ነበረሽ። ጻፊው እታለሜ። ጠላ ስትጠምቅ ጌሾውን በምን እንደምትለካ፣ ያንን ሰማያዊ ክር ከማን እንደገዛች የምታስታውሺ ከሆነ እሱን፣ ማታ ስታስተኛን ምን እንደምትለን ጻፊ። እኔም የማስታውሰውን እልክልሻለሁ። የልጅ ልጆችሽ እሷን የሚያውቋት በዚያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስልሽ ሐዘን የለብኝም ማለቴ አይደለም። የልጆቼ አባት ከሄደ ወዲህ ሁለት ስኒ አውጥቼ አንዱን ወደ ቦታው የምመልስበት ጠዋት አለ። እድሩ ድንኳን ሲተክል «ማን ነው?» ብዬ የምጠይቀው ስለ እኩያዎቼ ሆኗል። መንገዱ ተዘግቶ የልጆቼን ዓይን ሳላይ የሰነበትሁባቸው፣ ሌሊቱን ሰላም አውለን አሳድረን እያልሁ ያነጋሁባቸው ጊዜያትም አሉ። ሲመጣብኝ አለቅሳለሁ፤ ሐዘንን ቦታውን አልነሣውም። ቀኑን ሙሉ ግን አልሰጠውም። ቡና የምንጠጣበት ሰዓት አለ፣ ልጆች የሚመጡበት ሰዓት አለ፤ እነሱ ሲደርሱ ፊቴን ታጥቤ እነሣለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው መኖሩ ያነሣኛል።

በመጨረሻ ዕድሜ ስለሰጠኝ ትልቁ ሥራ ልንገርሽ፤ እሱም ምርቃት ነው። ከቡና ጠጪዎቹ መካከል በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንሁ ስኒው ሲነሣ እኔ እመርቃለሁ። ለፈተና የሚሄድ ተማሪ፣ ለመንገድ የተነሣ ሰው፣ ሊያገቡ የደረሱ ልጆች ጎንበስ ብለው ጉልበት ይስማሉ። ምርቃት ደግሞ ለሁሉ አንድ አይደለም። ነጋዴዋን «ገበያሽን ያቅናልሽ»፣ ነፍሰ ጡሯን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»፣ መንገደኛውን «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ»፣ ሙሽሮቹን «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» እላለሁ። በደንብ ለመመረቅ የእያንዳንዱን ሰው ጉድለት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለማወቅ ደግሞ መስማት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያስፈልገውን እያሰብሁ እውላለሁ፤ የራሴን ጉልበት የማስብበት ጊዜ ያጥርብኛል። ገና የወለደችው ጎረቤታችን ወተት አልወርድ ብሏት በተጨነቀች ጊዜ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መረቅኋት፤ ከዚያ አብሽ አፍልቼ፣ ገንፎ አገንፍቼ ወሰድሁላት። የመረቀ ሰው ምርቃቱን ተከትሎ መሄድ አለበት። አንቺም ስልሳ ሞላሽ፤ ከእንግዲህ መራቂ ነሽ። በሰፈርሽ ሊመረቅ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል፤ ጠይቂያቸው፣ ስሚያቸው፣ መርቂያቸው።

ስትጽፊልኝ ሕመምሽን አትደብቂኝ። ግን ሐኪሙ ስለ ዓይንሽ ምን እንዳለሽ፣ ቡናውን ከማን ጋር እንደጠጣሽ፣ የእናታችንን ነገር ከየት እንደጀመርሽው ጨምሪበት። የዚያችን የጎረቤትሽን ስም ሳትጽፊልኝ እንዳትቀሪ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለጥምቀት ነይ፤ ታቦቱን አብረን እንሸኛለን፤ ሁለት ስኒም አወጣለሁ።

እኔ ታላቅሽ ነኝና ልመርቅሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ቤትሽን ሰው አይጥፋበት፤ ጀበናሽም ለብቻሽ አይጣድ። ዓይንሽ ብርሃኑን፣ እጅሽ ሙያውን አይጣ። የልጅ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቂ። አገራችንን ሰላም፣ መንገዳችንን ክፍት ያድርግልን። በይ አሜን በይ፤ ነገ ጠዋትም ጀበናሽን ጥደሽ ያቺን ሴት ጥሪያት።

ዘወትር የምትወድሽ፣
እትዬሽ